ደን ማሳሳትና የእንጨት ተረፈ ምርት ለማገዶ፦ ድሬና ሐረር ላይ ሰው ለምን አያምነውም?

ደቻቱ ዳር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። «ደኑ ይሳሳ (ከተጠጋጋው ዛፍ ከፊሉ ተቆርጦ ቀሪው ይራራቅ)፣ የወጣው እንጨትና ጭራሮ ለማገዶ ይዋል» ሲባል ድሬዳዋም ሆነ ሐረር የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ተዉት፣ አትንኩት»። ብዙ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ሰው ስላላወቀ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ግን የሕዝቡ ፍርሃት ምክንያት ያለው ይመስለኛል። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደበት ከተማ ዛፍ ይቆረጥ ማለት ከባድ ቃል ነው። ጎርፉ የወረደው ከተራቆተው ከላይኛው ተራራ መሆኑን ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየትምህርት ቤቱም በየስብሰባውም የተነገረው «ትከሉ» የሚለው ብቻ ነው። ከ2011 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስንት ችግኝ ተተከለ። ችግኙ ካደገ በኋላ ምን እንደሚደረግለት ግን ለሰው የነገረው የለም።

በሌላ በኩል ቤቱ ሁሉ አሁንም ከሰልና እንጨት ያነዳል፤ የከሰሉ ጆንያ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ ሥራውን የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ንገሩን። የትኛው ደን ይሳሳ? ምን ያህል? የወጣው እንጨት እንዴት ቢያዝ ነው ማገዶ የሚሆነው? ሕዝቡስ በዓይኑ አይቶ የሚያምነው ምን ሲደረግ ነው? «ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» የሚል መልስ ባይመጣ ደስ ይለኛል።

ጋራ ሙለታ

ጥያቄው በጥሩ ቦታ ተነሥቷል። ማሳሳት ማለት ደን መመንጠር አይደለም፤ ልዩነቱ ግን በቃል ሳይሆን በቁጥር ነው የሚታየው።

2 ሜትር በ2 ሜትር የተተከለ ደን በሄክታር 2,500 ግንድ አለው። 1 በ1 ከሆነ 10,000 ነው። ትንሽ ሳለ ይህ ጥሩ ነው፤ አረምን ያፍናል፣ ግንዱም ቀጥ ብሎ ይወጣል። አናቱ ሲገጣጠም ግን ሁሉም ለአንድ ውሃና ለአንድ ብርሃን ይሻማል። ግንዱ ይቀጥናል፣ የታችኛው ቅርንጫፍ ይደርቃል፣ መሬቱ ላይ ሣር አይበቅልም። ሣር የሌለው መሬት ደግሞ ላዩ ዛፍ ቢሆንም በጎርፍ ይታጠባል። ደቻቱን የሚፈራ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ አፈሩን የሚይዘው የዛፉ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ሣር፣ ቁጥቋጦና የረገፈ ቅጠል ነው።

ደኑ መሳሳት እንዳለበት ለማወቅ ገመድ ይበቃል። 5 ሜትር ከ64 ሳንቲ የሆነ ገመድ ቁረጡ። አንድ ሰው መሐል ይቁም፣ ሌላው ገመዱን ወጥሮ ይዙር። ያ ክብ 100 ካሬ ሜትር ነው። በውስጡ ያለውን ግንድ ቁጠሩና በ100 አባዙት፤ የሄክታሩ ቁጥር ይመጣል። 25 ቢገኝ 2,500 ማለት ነው። ዳገት ላይ ገመዱ መሬቱን ተከትሎ ሳይሆን አግድም እንደ ሚዛን መወጠር አለበት፤ አለዚያ ቁጥሩ ይሳሳታል። ቢያንስ አሥር ቦታ ይቆጠርና አማካዩ ይወሰድ። መንገድ ዳር ብቻ የሚቆጥር ሰው የደኑን ጠርዝ እንጂ ደኑን አይቆጥርም።

በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። ከ2,500ው 1,000 ወጥቶ 1,500 ይቀራል። መጀመሪያ የሚወጣው የታመመ፣ የጠመመ፣ መንታ የሆነና በጎረቤቱ የተዋጠ ነው። የወፈረውን ቆርጦ የቀጠነውን የሚተው ሰው ደኑን አላሳሳም፤ ሀብቱን ወሰደ እንጂ። ሕዝቡ «ደን ማሳሳት» ሲባል የሚጠላው ይሄንን ነው፤ መጥላቱም ትክክል ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የሚቆረጠው ዛፍ ሁለት ቦታ በቀለም ይመታል፦ አንዱ ደረት ላይ፣ ማለትም ከመሬት 1.3 ሜትር፣ ሌላው ከሚቆረጥበት በታች ሥሩ አጠገብ። ዛፉ ከሄደ በኋላ የታችኛው ቀለም ጉቶው ላይ ይቀራል። ቀለም የሌለው ጉቶ ከተገኘ ስርቆት ነው። ይህን ለማጣራት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ማንም የሰፈር ሰው ከሥራው ማግሥት ገብቶ ይቆጥራል።

ጁገል ውስጥ

ወንድሜ ጋራ ሙለታ፣ የገመዱን ነገር ስላስረዳኸን እግዜር ይስጥልን። ግን ሁለት ነገር ዘለልክ።

አንደኛ፣ የኛ አገር ደን ሜዳ ላይ አይደለም። ከደንገጎ ቁልቁል እስከ ድሬ ያለው ሁሉ ገደል ነው። እዚያ ላይ 40 በመቶ አንሥተህ አንድ ከባድ ዝናብ ቢመጣ አፈሩን ማን ሊመልሰው ነው?

ሁለተኛ፣ ሸዋ በር ላይ እንጨት ተሸክመው የሚሸጡት ሴቶች የሚለቅሙት የደረቀውንና የወደቀውን ነው። ደኑ ሲሳሳ እንጨቱ በመኪና ተጭኖ ለአንድ ነጋዴ ከሄደ፣ እነሱ ነገ የሚለቅሙት የላቸውም፤ ወይ አልተፈቀደም ተብለው ይባረራሉ፣ ወይ ማታ ገብተው እርጥቡን ይቆርጣሉ። ሰው «አትንኩት» የሚለው ስለ ጎርፉ ብቻ አይደለም። ጥቅሙ ለማን እንደሚሄድ አይቶ ስለሚያውቅ ነው።

ጋራ ሙለታ

እህቴ፣ ሁለቱም በቦታው ነው።

ዳገቱን በተመለከተ፦ በ100 ሜትር አግድም 30 ሜትር ከሚወጣ ዳገት በላይ 40 በመቶ አይነካም። እዚያ 20 በመቶ ይወጣል፣ ሁለት ዓመት ይጠበቃል፣ ሣሩ ከያዘ እንደገና 20። ከወንዝና ከቦረቦር ዳር በሁለቱም በኩል ቢያንስ 15 ሜትር ጨርሶ አይሠራም። ግንዱ ቁልቁል አይጎተትም፤ የተጎተተበት መስመር በመጀመሪያው ዝናብ ቦይ ይሆናል። በትከሻ ወይም በአህያ፣ በአግድም መንገድ ይውጣ። ጊዜው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሰኔ ላይ የሚሳሳ ደን ለጎርፍ የተሰጠ ደን ነው።

ቅርንጫፉም ሁሉ አይወጣም። ከዛፉ ንጥረ ነገር አብዛኛው ያለው በቅጠሉና በቀጫጭኑ ጫፍ ነው፣ በግንዱ አይደለም። ስለዚህ ከአውራ ጣት የሚቀጥነው በሙሉ እዚያው ይቀራል። ዳገት ላይ ይህ ጭራሮ ዳገቱን አቋርጦ በረድፍ ይነጠፋል፤ ከጉቶው በላይ በኩል ከሆነ ጉቶው ራሱ ይይዘዋል። ረድፉ ከ8 እስከ 10 ሜትር ይራራቅ። የታጠበ አፈር ከዚያ ጀርባ ይከማቻል። የቆመ ዛፍ ግንድ ላይ ግን አይከመርም፤ እሳት ቢነሣ ዛፉን ይዞት ይሄዳል።

ስለ ሴቶቹ ያነሣሽው ከቀለሙም ይበልጣል። የሚሻለው ማሳሳቱን ራሳቸው እንዲሠሩት ነው፤ ግንዱ ለማኅበሩ ይሸጣል፣ ከአውራ ጣት እስከ ክንድ ውፍረት ያለው ማገዶ ለሠሩት ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብና የማኅበር ደን ባለቤትነት ዕውቅና አለው፤ ይህ መንገድ ክፍት ነው ማለት ነው። የሐበሻ ጥድ ባለበት ተፈጥሯዊ ደን ግን ይህ ሁሉ ወሬ አይሠራም። የምናወራው ስለተተከለ ደን ነው፤ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ።

ባሕር ዛፍ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሲቆረጥ ከጉቶው አሥርና ከዚያ በላይ ቀንበጥ ያወጣል። ጉቶው ከመሬት 10 ሳንቲ ገደማ ሆኖ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ዘንበል ብሎ፣ በመጥረቢያ ሳይሆን በመጋዝ ይቆረጥ። መጥረቢያ ልጡን ይገሽልጠውና ጉቶው ይበሰብሳል። ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ሁለት ቀንበጥ ብቻ ይቀርለታል፣ ትይዩ የሆኑት። ሰው ዛፉ ሞተ ብሎ የሚያዝንበት ጉቶ በዚህ መልክ ተመልሶ ደን ይሆናል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ገበሬ ሌላ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሽንሌ መንገድ

ሁላችሁም ስለ ተተከለው ደን ታወራላችሁ፤ አቦ፣ ማንም የማያለቅስለት ዛፍ በራችን ላይ ቆሞ የለም እንዴ? ፕሮሶፒስ!

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ለበረሃማነት መከላከያ ተብሎ ገባ፤ ድሬዳዋ ከመጀመሪያዎቹ መግቢያዎች አንዷ ናት። ዛሬ ከድሬ ወደ ሽንሌ፣ ከዚያም አልፎ አፋር ድረስ የግጦሹን መሬት ዘግቶታል። ፍየልና ግመል ፍሬውን ይበሉታል፣ ዘሩ ግን በሆዳቸው አልፎ ከነፍጉ ይዘራል። ማገዶነቱ ግን አይታማም፤ እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሳይፈነዳ ቀስ ብሎ ይነዳል። የእንጨት ማገዶን ለሕዝብ ማለማመድ የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አቆራረጡ ላይ ነው። ከመሬት በላይ ከቆረጥከው ከአንዱ ግንድ ፋንታ ሃያ ቅርንጫፍ ያለው እሾሃም ቁጥቋጦ ታተርፋለህ። አፈሩን ቆፍረህ ከመሬት በታች ከ10 እስከ 30 ሳንቲ፣ ከሥሩ አንገት በታች ቁረጠው። እምቡጡ ያለው አንገቱ ላይ ነው፤ ከእሱ በታች ያለው ሥር አያቆጠቁጥም። ይህ ከባድ ጉልበት ነው፤ ለዚህ ነው ከሰል አክሳዩ የማይሠራው። እሱ ከላይ ይቆርጣል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ለእሱ ማሳ ሆኖለታል።

የተጸዳው መሬት ባዶውን ከተተወም ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያልና ይመለሳል። ሣር መዝራት ወይም ማረስ የግድ ነው። እንጨቱ ሲጫን ፍሬው ተራግፎ ይቅር፤ መኪናው ፍሬ ይዞ ከሄደ ዘሩን በየመንገዱ እያከፋፈለ ነው። እሾሁም ቀላል አይደለም፣ ጫማ ይበሳል፣ የተወጋው ያመረቅዛል፤ የቆዳ ጓንትና ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ሳይኖር ሠራተኛ አይሰማራ።

ጁገል ውስጥ

ፕሮሶፒስን ማንም አይከራከርልህም። ነገር ግን «የፕሮሶፒስ ከሰል ነው» ተብሎ በሚያልፈው ጆንያ ውስጥ ግራርም አለ። አንዴ ከከሰለ በኋላ በዓይን ለይቶ የሚያውቅ አለ?

ሽንሌ መንገድ

በኬላ ላይ በዓይን መለየት አይታመንም፤ ሁለቱም ከባድና ጠንካራ ከሰል ነው። መቆጣጠር ያለበት ጆንያው ሳይሆን ጉቶው ነው። ፈቃድ የተሰጠበት ማሳ ይታወቃል፤ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚወጣ ይገመታል፤ ከዚያ በላይ ጆንያ ከመጣ ከሌላ ቦታ ነው። ሌላው መፍትሔ ከሰል ሳያደርጉ እንጨቱን እንዳለ መሸጥ ነው። ግንድና ቅርፊት ዛፉን ይናገራል።

ለገሃሬ

እንጨት ማን ይገዛል? ሰው የሚፈልገው ከሰል ነው። ከሰል አድርጎ መሸጥ ይሻላል።

አናጺ ሳቢያን

ወንድም ለገሃሬ፣ ገበያው ልክ ነህ፤ ሒሳቡ ግን ያሳዝናል። 100 ኪሎ የደረቀ እንጨት ውሰድ። አንድ ኪሎው ወደ 15 ሜጋጁል ሙቀት ይሰጣል፤ ጠቅላላው 1,500። በአፈር ተከድኖ በባህላዊው መንገድ ሲከስል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ይወጣዋል። 15 ኪሎ እንበል። የከሰል ኪሎ 29 ሜጋጁል ገደማ ነው፤ 15ቱ 435 ይሆናል። ከሁለት ሦስተኛው በላይ ጫካ ውስጥ ጢስ ሆኖ ቀረ። ጭስ ማውጫ ባለው የተሻሻለ ምድጃ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ማድረስ ይቻላል፤ ለዚያ ግን እንጨቱ ቀድሞ የደረቀ፣ እኩል የተቆረጠና በጥንቃቄ የተደረደረ መሆን አለበት። ከሰል ለቡናና ለትንሽ ወጥ ይሁን። እንጀራ መጋገሪያና ዳቦ ቤት ግን በእንጨት ይሥራ።

ወደ ተረፈ ምርቱ ልመለስ። ደን ሳይነካ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ካሉት አናጺ ቤቶች የሚወጣው ሰጋቱራ ራሱ ማገዶ ነው። ግማሹ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ይደፋል፣ ግማሹ ሜዳ ላይ ይቃጠላል። ለዚህ የሚሆን ቀላል ምድጃ አለ። ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ውሰድ። ከታች በጎኑ 5 ሳንቲ የሚሆን ቀዳዳ አብጅ። መሐሉ ላይ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ወይም ጠርሙስ አቁም፤ በጎኑ ቀዳዳ ሌላ እንጨት አስገባና መሐል ላይ ይገናኙ። ሰጋቱራውን በስስ በስስ እየጨመርክ በእንጨት ዱላ ጠቅጥቀው። ሲሞላ ሁለቱን እያዞርክ ቀስ ብለህ አውጣ፤ ኤል የሚመስል የአየር መንገድ ይቀራል። ከታች ትለኩሳለህ፤ ግድግዳው ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ ለሰዓታት ይነዳል። ባቄላና በቆሎ ለሚቀቅል፣ የልብስ ውሃ ለሚያሞቅ ተስማሚ ነው።

የሚበላሽበት ምክንያት ሁለት ነው። በደንብ ካልተጠቀጠቀ ይደረመስና ቀዳዳውን ይዘጋል፤ እሳቱ ይታፈናል፣ ጢሱ ይብሳል። እርጥብ ከሆነም እንዲሁ። ደግሞም ቤት ውስጥ መስኮት ዘግቶ አይሠራበትም። ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ ከሰጋቱራም ይወጣል፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ሰጋቱራ ሁሉ አንድ አይደለም። የኤምዲኤፍና የቺፕውድ (ደቃቅ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ዱቄት ሙጫ አለበት፤ ሲነድ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ቀለም የተቀባና በኬሚካል የታሸ የድሮ የስልክ እንጨትም መንደድ የለበትም፤ አመዱ ራሱ መርዝ ነው። አናጺ ቤቱ ከመጀመሪያው ሁለት ጆንያ ያዘጋጅ፣ አንዱ ለንጹሕ እንጨት፣ ሌላው ለሙጫው። አንዴ ከተቀላቀለ የሚለየው የለም። አንድ ሰፈር አንድ ቀን በዚህ ከታመመ ከዚያ በኋላ «የእንጨት ተረፈ ምርት» የሚለውን ቃል የሚሰማህ አታገኝም።

ቀፊራ

የከሰል ድቃቂውስ? ገበያ ላይ በየከሰል ተራው ከጆንያው ሥር ይጣላል። ብሪኬት (ድቃቂው ተጨምቆ የሚሠራ የከሰል ጡብ) ማድረግ ይቻላል ሲሉ እሰማለሁ፤ የተሸጠው ግን አይነድም፣ አመድ ብቻ ነው ይላሉ ሴቶቹ።

አናጺ ሳቢያን

እህት ቀፊራ፣ ሴቶቹ እውነታቸውን ነው፤ ጥፋቱ የቅልቅሉ ነው። ድቃቂው መጀመሪያ በወንፊት ካልተነፋ ግማሹ አፈር ነው፣ አፈር ደግሞ አይነድም። የተነፋውን 100 ኪሎ ድቃቂ ብንወስድ ማያያዣው ወይ 15 ኪሎ ሸክላ አፈር ነው፣ ወይ ከ5 ኪሎ ዱቄት በ50 ሊትር ውሃ የተሠራ ቀጭን ገንፎ። ሸክላው ርካሽ ነው፣ ግን አመዱን ያበዛል፣ እሳቱንም ያዘገያል። አንዳንዱ ክብደት ለማትረፍ 30 እና 40 ኪሎ ይጨምራል፤ ሴቶቹ «አመድ» የሚሉት ያንን ነው። ገንፎው የተሻለ ይነዳል፤ ሳይደርቅ ከተከማቸ ግን ይሻግታል፣ ነቀዝም ይበላዋል። ቅልቅሉን በእጅ ጨብጠህ ስትለቀው ቅርጹን ከያዘና ውሃ ካልተንጠባጠበ ልኩ ነው። ከተጨመቀ በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ላይ ይዋል፤ በድሬ ፀሐይ በቀጥታ ከወጣ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሦስትና አራት ቀን ፀሐይ።

የጫት እንጨትም ለዚህ ይሆናል። ገረባውን (የተረፈውን ቅጠል) ፍየል ይበላዋል፤ እንጨቱ ቀጭን ስለሆነ እንዳለ ሲነድ ወዲያው ያልቃል። በበርሜል ከስሎ፣ ተፈጭቶ ብሪኬት ቢሆን ግን ይቆያል። ሰጋቱራን በበርሜል ለማክሰል አትሞክሩ፤ ተጠቅጥቆ አየር ስለማያሳልፍ ዳሩ አመድ ሆኖ መሐሉ ጥሬ ይቀራል።

ደቻቱ ዳር

በጣም ጥሩ ነው። ግን እንጨቱን የሞከሩት «ጢሱ ፈጀን» ይላሉ። ይሄ የእንጨቱ ጠባይ ነው ወይስ የአያያዝ?

ጋራ ሙለታ

የአያያዝ ነው። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሹ ውሃ ነው። ኪሎው 8 ሜጋጁል ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ቀሪው ሙቀት ውሃውን ለማትነን ይሄዳል፣ እሳቱም ስለሚቀዘቅዝ ጢሱ ሳይነድ ይወጣል። 20 በመቶ ሲደርስ ሙቀቱ እጥፍ ሊሆን ይቀርበዋል። ስለዚህ እርጥብ እንጨት በኩንታል የሚገዛ ሰው ግማሹን ውሃ ነው የገዛው።

እንጨቱ በተቆረጠ ሰሞን ይፈለጥ፤ ሳይፈለጥ የተቀመጠ ግንድ በልጡ ታፍኖ ወራት ይፈጅበታል። ከመሬት በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከፍ ይበል፤ አለዚያ ምስጥ ቀድሞ ይበላዋል። ላዩ ይሸፈን፣ ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት ይሁን። ዙሪያውን በላስቲክ የሚጠቀልል ሰው እያሻገተው ነው። ድሬ ላይ በበጋ ሁለት ወር ገደማ ይበቃል፤ ሐረር ቀዝቃዛ ስለሆነ የበለጠ ይጠበቅ፣ ክረምት ካገኘውማ የባሰ ነው።

ለማረጋገጥ፦ ከክምሩ መሐል አንድ ፍልጥ አውጥታችሁ በኩሽና ሚዛን መዝኑ። 1,000 ግራም ሆነ እንበል። ቀጫጭን አድርጋችሁ በሚበርድ ምጣድ ላይ እያገላበጣችሁ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት። 800 ላይ ከቆመ እርጥበቱ 20 በመቶ ነው። ሁለት መርፌ ያለው የኤሌክትሪክ መለኪያ የምትጠቀሙ ግን ተጠንቀቁ፤ እሱ የሚያሰላው ከደረቁ ክብደት ስለሆነ ይህንኑ እንጨት 25 ይላችኋል። ገዢና ሻጭ በየትኛው እንደተስማሙ ካልተጻፈ ጠብ ነው።

ጁገል ውስጥ

ምድጃውም ይጨመርበት። ሦስት ጉልቻ ላይ ደረቁም እንጨት ይባክናል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ግን አፉ ጠባብ ነው፤ የክንድ ውፍረት ያለው ፍልጥ ከገባ አየር ይዘጋል፣ «ምርጥ ያጨሳል» ተብሎ ይጣላል። ማገዶ ሻጩ ሁለት ጣት ውፍረት አድርጎ ፈልጦ ይሽጥ። ኤሌክትሪክ ያለው በኤሌክትሪክ ይጋግር የሚሉም ትክክል ናቸው፤ ምጣዱ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ በመጥፊያው ቀን ሁሉም ወደ እንጨቱ ይመለሳል።

እና አንድ አደራ፦ ቅንጭብ ማገዶ ውስጥ አይቀላቀል። ወተቱ ዓይን ያጠፋል፣ ጢሱም ያቃጥላል። በአጥር ምንጠራ ጊዜ ብዙ ቦታ ተቀላቅሎ ይመጣል።

ደቻቱ ዳር

ከተባለው ተነሥቼ ለቀበሌው ስብሰባ የማቀርበውን ቅደም ተከተል ላስቀምጥ፤ የተሳሳትኩ እንደሆነ አርሙኝ። መጀመሪያ ሰጋቱራው፤ ዛፍ ስለማይነካ የሚቃወም የለም። ቀጥሎ ፕሮሶፒስ፣ ከመሬት በታች ተቆርጦ፣ በእንጨትነቱ ተሽጦ። የተተከለው ደን መጨረሻ፤ እሱም አንድ ሄክታር ብቻ፣ ሜዳ ላይ፣ መንገድ ዳር ሰው በሚያየው ቦታ። አጠገቡ ያልተነካ አንድ ሄክታር ለማነጻጸሪያ ይቀራል።

ጋራ ሙለታ

ልክ ነው፣ አንድ ነገር ጨምርበት። ቀለም ከተመታ በኋላ መጋዝ ከመግባቱ በፊት አንድ ሳምንት ይቆይ። የፈለገ ሰው ገብቶ ይይ፣ «ይሄ አይቆረጥ» ያለውንም ይናገር። ከመቶ ሦስትና አራት ዛፍ ብትተውለት ደኑ አይጎዳም። የቆጠራውን ሉህ ደግሞ በሁለት ቅጂ አድርገው፤ አንዱ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው እንጨት ለቃሚዎቹ እጅ። ጉቶ የሚቆጥሩት እነሱ ይሁኑ።

ጁገል ውስጥ

ሉሁ በኦሮምኛም ይጻፍ። ለቃሚዎቹ አብዛኞቹ አማርኛ አያነቡም።